በረንዳችሁን የያዘው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አዳዲሶቹን ሰፈሮች ስትዞሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰሚት፣ አያት፣ ለቡ፣ የትም ይሁን። የምድሩ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ያበቃል፤ ከላይ ያለው ፎቅ ግን ይቀጥላል። አንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ከሥሩ ኮለን የለም፣ ግድግዳ የለም፣ አየር ብቻ። ከላዩ ግን ሰው ቡና ይጠጣል፣ ልብስ ያሰጣል፣ ልጅ ይሯሯጣል።

ይህን በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ ሌላኛው ጫፉ አየር ላይ የቀረ ክፍል መሐንዲሶች ካንቲሊቨር ይሉታል። እኛ በረንዳ እንለዋለን። አንዳንዱ ቤት ላይ ግን በረንዳ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ መኝታ ቤት ነው ተንጠልጥሎ ያለው።

"የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ስለ ፌሮ ምን አገባው?" ትሉ ይሆናል። ያገባዋል። ምክንያቱም ካንቲሊቨር ከምህንድስናው በፊት የዋጋ ጥያቄ ነው። መሬት ውድ ነው፣ አየር ግን ነፃ ይመስላል። ፊቱ 10 ሜትር የሆነ ጂ ፕላስ 2 ቤት ላይ ሁለቱን ፎቆች 1.5 ሜትር ወደ ውጭ ብታወጡ መሬት ሳትገዙ 30 ካሬ አገኛችሁ። ለቤቱ ባለቤትም፣ አፓርታማ ሠርቶ ለሚሸጠውም፣ ይህ ሒሳብ በጣም ያጓጓል።

የኔ ነጥብ አጭር ነው። ያ 30 ካሬ ነፃ አይደለም። ዋጋው ፌሮ ውስጥ፣ የወለሉ ውፍረት ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲህ ባለው ወለል ውስጥ ተደብቋል። ሲሠራ ካልተከፈለ፣ በኋላ የሚከፍለው እላዩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ገዝቶ ወይ ተከራይቶ የገባ እንጂ ሙሌቱ ቀን ሳይት ላይ የነበረ አይደለም።

እስቲ መጀመሪያ ወለሉን እንየው።

ከተማችን ውስጥ ብዙ ፎቅ ቤቶች ወለላቸው ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ሪብ ስላብ ነው። ሪብ ማለት ጎድን ነው፤ ስሙም ያንኑ ነው የሚናገረው። ባዶ ብሎኬት በረድፍ በረድፍ ይደረደራል፣ በረድፎቹ መሃል ፌሮ ያለበት ቀጭን የኮንክሪት ጎድን ይሞላል፣ ከላይ ደግሞ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት እንደ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደጋችሁ ከዚህ ዘዴ ጋር ሩቅ አይደላችሁም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጀርመኑ ጂ.ቲ.ዜድ ጋር ቦሌ ገርጂ ላይ ተሞክሮ ወደ ኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ የገባው አሠራር ቀድመው የተመረቱ ቢሞችንና ባዶ ብሎኬቶችን የሚጠቀም ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሲሚንቶና እንጨት መቆጠብ።

ለምን ይሠራል? ወለል ጭነት ሲያርፍበት መሃሉ ወደ ታች ይጎብጣል። ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ፊቱ ይሳባል። ኮንክሪት ሲጨምቁት ጀግና ነው፤ ሲስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። የታችኛውን መሳብ የሚችለው ፌሮው ነው። እንግዲህ ከታች ያለው ኮንክሪት ፌሮውን ከመያዝና ከመሸፈን ያለፈ ብዙ ሥራ የለውም። በእኛ ትምህርት ቋንቋ ማርጂናል ፕሮዳክቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሠራተኛ ነው። ሪብ ስላብ ያንን ሠራተኛ አሰናብቶ ቦታውን ለባዶ ብሎኬት ሰጠ። ወለሉ ቀለለ፣ ወጪው ቀነሰ። ብልህ ውሳኔ ነው፤ ምንም አይወጣለትም።

ካንቲሊቨር ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

በረንዳ የሚጎብጠው መሃሉ ሳይሆን ጫፉ ነው። ጫፉ ወደ ታች ሲወርድ የላይኛው ፊት ይሳባል፣ የታችኛው ፊት ይጨመቃል። ሳሎን ውስጥ ከታች የነበረው የፌሮ ሥራ እዚህ ከላይ ሆነ። ከላይ የነበረው የኮንክሪት ሥራ ደግሞ ወደ ታች ወረደ። ከታች ምን አለ? ቀጭን ጎድንና ባዶ ብሎኬት። ያሰናበትነው ሠራተኛ ለካ እዚህ በጣም ይፈለግ ነበር!

በቁጥር እንየው። ጎድኖቹ ወርዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሃል እስከ መሃል ርቀታቸው 50 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሳሎን ውስጥ መጨመቁን የሚቀበለው የላይኛው ኮንክሪት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ጎድን 50 ሳንቲ ሜትር ወርድ አለው። በረንዳው ሥር ላይ ግን የሚቀበለው ጎድኑ ብቻ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር። አንድ አምስተኛ ቀረ ማለት ነው። ይህም ጭነቱ በጣም በሚበረታበት ቦታ ላይ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ መሐንዲሶችም አሳምረው ያውቁታል። ከቢሙ ግራና ቀኝ ባለው አካባቢ ብሎኬት አይደረደርም፤ ድፍን ኮንክሪት ይሞላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚወጣው ክፍል በሙሉ ድፍን ይደረጋል። ዋናው ፌሮ ከላይ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ይህ ሁሉ ተጨማሪ ሲሚንቶና ተጨማሪ ፌሮ ይጠይቃል። ብሎኬቱን እስከ ጫፍ መደርደር ይረክሳል፣ ሥራውም ይፈጥናል። ከተሞላና ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ሁለቱ በረንዳዎች በዓይን አይለዩም።

ርዝመቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ርዝመታቸው፣ ውፍረታቸውና ጭነታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ወለሎች አሉ እንበል። አንዱ በሁለቱም ጫፉ ተደግፏል፣ ሌላው ካንቲሊቨር ነው። ካንቲሊቨሩ ላይ የሚመጣው የማጉበጥ ኃይል አራት እጥፍ ነው። ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ አሥር እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ካንቲሊቨሩን ራሱን ከ1 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር ብታስረዝሙት ርዝመቱ በግማሽ ጨመረ፤ ማጉበጡ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ፣ የጫፉ መውረድ ደግሞ አምስት እጥፍ ደረሰ። ወጪው ከጥቅሙ ቀድሞ የሚሮጥበት ነገር ፈልጎ ላጣ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ለዚህም ነው ኮዱ ካንቲሊቨር ላይ የሚጠብቀው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓውን ተከትሎ የተዘጋጀው የሀገራችን የኮንክሪት ኮድ ለካንቲሊቨር የሚፈቅደው የርዝመትና የውፍረት ምጣኔ፣ ሁለት ጫፉ ላይ በነፃነት ለተቀመጠ ወለል ከሚፈቅደው 40 በመቶውን ብቻ ነው። 20 ለ 1 ይፈቀድለት የነበረው 8 ለ 1 ይሆናል። 1.5 ሜትር ለሚወጣ በረንዳ ከታችኛው ፊት እስከ ላይኛው ፌሮ ድረስ ብቻ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። "ቀጠን ብሎ ይውጣ፣ ዘመናዊ ይመስላል" የሚል የቤት ባለቤት ይህን ቁጥር ይያዝልኝ።

አሁን ስልካችሁን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ግፉት (ፕሮቴክተር ያለው ይመረጣል)። ግማሹ እስኪወጣ ድረስ ይቆማል፤ ከዚያ ይወድቃል። እስከዚያ ድረስ የያዘው ምን ነበር? ጠረጴዛው ላይ የቀረው ክፍል። በረንዳም እንደዚያው ነው። በረንዳን የሚይዘው በረንዳው ሳይሆን ቤት ውስጥ ያለው ወለል ነው። ስለዚህ የላይኛው ፌሮ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ማለቅ የለበትም፤ ረዥም መንገድ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሳይት ላይ በልማድ የሚጠቀሰው ከሚወጣው ርዝመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 1.5 ሜትር ለወጣ በረንዳ ወደ ውስጥ 2.25 ሜትር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የጎድኖቹ አቅጣጫ ይመጣል። ጎድኖቹ ወደ በረንዳው የሚሄዱ ከሆነ የላይኛው ፌሮ ጎድኑን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ደህና ነው። ጎድኖቹ ከበረንዳው ጋር ትይዩ ከሆኑ ግን ፌሮው ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ባዶ ብሎኬት ላይ የተኛች ያችን ቀጭን ኮንክሪት ነው። እሷ ደግሞ በረንዳ የመያዝ አቅም የላትም። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ከቢሙ ወደ ውስጥ ያለው ወለል በበቂ ርቀት ድፍን ይሆናል፤ ወይ ደግሞ በረንዳው ቢም ላይ ይቀመጣል።

ቢምም ቢሆን የራሱ ሕግ አለው። ከቤት ውስጥ መጥቶ፣ ኮለኑ ላይ አልፎ፣ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ከጀርባው የሚይዘው ቢም ሳይኖር ከኮለን ላይ ተጀምሮ ወደ ውጭ የወጣ ቢም ኮለኑን ነው የሚያጎብጠው። ከቤቱ ጠርዝ ቢም ላይ ብቻ የተንጠለጠለና ወደ ውስጥ ሥር ያልሰደደ በረንዳ ደግሞ ያንን ቢም እንደታጠበ ልብስ ይጠመዝዘዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ፎሊንግዋተር የሚባል ቤት አለ። የነደፈው ታዋቂው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው፤ ግንባታው በ1930ዎቹ ነበር። ፏፏቴ ላይ 4.5 ሜትር ገደማ የሚወጣ የኮንክሪት ወለል አለው፤ ወለሉም ቢሞችና ቀጫጭን ጎድኖች ያሉበት ነው። ራይት የመጨመቁን ነገር ተረድቶት ስለነበር ጎድኖቹን ወደ ላይ፣ ሰፊውን ኮንክሪት ወደ ታች ገልብጦ ነው የሠራው። ቅድም "ይገለበጣል" ያልኩት ማለት ነው። ግን ፌሮው አነሰ። የቤቱ ባለቤት ያማከራቸው መሐንዲሶች የዋና ቢሞቹን ፌሮ በእጥፍ አስጨመሩ፤ ራይት ሲሰማ ተቆጣ። ፌሮው በእጥፍ ተጨምሮም ወለሉ መውረዱን አላቆመም፤ በጊዜ ብዛት ጫፉ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወረደ። በ2002 እ.ኤ.አ. በብረት ገመድ ተወጥሮ ባይጠገን ኖሮ መጨረሻው አያምርም ነበር። ቤቱ ዛሬ የዓለም ቅርስ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው "ካንቲሊቨር አትሥሩ" የሚል አይደለም። ወለሉን ያቆየው ባለቤቱ ሌላ ዓይን እንዲያየው ማድረጉ ነው። ራይትን የሚያክል ሰው ከተሳሳተ፣ የእኛም ሰፈር በረንዳ ሁለተኛ ዓይን ቢጨመርበት አይከፋም።

ወደ ሀገራችን ሳይት እንመለስ። ዲዛይኑ ልክ ነው እንበል። ሙሌት ቀን ምን ይሆናል? ሠራተኛው ባሬላ ተሸክሞ የሚመላለሰው ፌሮው ላይ እየረገጠ ነው። የላይኛው ፌሮ ከሥሩ የሚያቆመው የብረት ወንበር ከሌለው ይወርዳል። ለአጭር በረንዳ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ድፍን ወለል ላይ ፌሮው ከታችኛው ፊት 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር እንበል። ተረግጦ 4 ሳንቲ ሜትር ከወረደ በረንዳው ካለው አቅም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሄደ። ማንም አልሰረቀም፣ ሲሚንቶ አልጎደለም፣ ፕላኑ አልተቀየረም። ጫማ ብቻ ነው።

ከተገባ በኋላስ? በረንዳን በብሎኬት ዘግቶ ክፍል ማድረግ የተለመደ ነው። ኪራይ ውድ ነው፣ ቤተሰብ ይሰፋል፤ እረዳለሁ። ግን በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የተሠራና ሁለት ጎኑ የተለሰነ ሙሉ ቁመት ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ይህ የሚቀመጠው ደግሞ ጫፉ ላይ ነው፤ ሊቀመጥበት ከማይገባው ቦታ ሁሉ የከፋው እዚያ ነው። 1.2 ሜትር የሚወጣ በረንዳ ላይ ግድግዳው ብቻውን የሚያመጣው የማጉበጥ ኃይል ወለሉ በራሱ ክብደት ከሚያመጣው ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ዲዛይን ሲደረግ ይህ ግድግዳ ካልታሰበ፣ በቃ፣ አልታሰበም ነው።

አሁን ወደ እኔ መስክ ልግባ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጽሑፍ አንድ ነገር አሳየን። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ጥሩው መኪናና መጥፎው መኪና በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ውሎ አድሮም ጥሩው ከገበያ ይወጣል። በኋላ ኖቤል ተሸልሞበታል። በረንዳ ደግሞ ከመኪና ይብሳል። መኪና ኮፈኑ ይከፈታል፤ ኮንክሪት አይከፈትም። ፌሮውን በትክክል ያስቀመጠው ኮንትራክተርና ያላስቀመጠው ኮንትራክተር የሚሸጡት ቤት በፎቶ አንድ ነው፤ ያው ሴራሚክ፣ ያው ጂፕሰም፣ ያው መስታወት። ስለዚህ በትክክል የሚሠራው ሰው ለትጋቱ ዋጋ አያገኝም።

"ተቆጣጣሪ አለ አይደል?" ልትሉኝ ትችላላችሁ። አለ። የሕንፃ ሕጋችን ፕላን የሚጸድቅበትንና ግንባታ የሚታይበትን ሥርዓት አስቀምጧል። ግን ፌሮው የሚታይበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ታስሮ ከማለቁ እስከ ሙሌት ያለችው አንድ ወይ ሁለት ቀን ነች። ያቺ ቀን ካለፈች ለማወቅ መሣሪያ መከራየት ወይ መሰርሰር ነው።

ታዲያ ሐሳቤ ይኸውላችሁ። ሁላችሁም እጅ ላይ ካሜራ አለ። ከሙሌት በፊት አምስት ፎቶ አንሱ።

አንደኛ፣ የሚወጣው ክፍል በሙሉ ከላይ ሆኖ፤ ዋናው ፌሮ ከላይ መሆኑ እንዲታይ። ሁለተኛ፣ ሜትር ቆሞ፤ ፌሮው ከእንጨቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ። ሦስተኛ፣ ሜትር ተዘርግቶ፤ ፌሮው ወደ ውስጥ ስንት እንደገባ። አራተኛ፣ ቢሙ አካባቢ ብሎኬት የሌለበት፣ ድፍን የሚሞላው ቦታ። አምስተኛ፣ ከላይኛው ፌሮ ሥር የቆሙት የብረት ወንበሮች። ከተቻለ ስድስተኛም ጨምሩ፤ ድጋፍ እንጨቱ ሲፈታ። የካንቲሊቨር ድጋፍ የሚፈታው ኮንክሪቱ በደንብ ከጠነከረ በኋላ፣ ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው ነው። ከግድግዳው በኩል ከተጀመረ ጫፉ ላይ የቀረው እንጨት ያልታሰበ ድጋፍ ሆኖ ወለሉን በተሳሳተ አቅጣጫ ያስጨንቀዋል።

ፎቶዎቹን ከስትራክቸር ፕላኑ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ቤቱ ሲሸጥ ከካርታው ጋር አብረው ይተላለፉ። ዲሲ፣ ሪያድ ወይ ዱባይ ሆናችሁ ቤት የምታሠሩ ወገኖች፣ በቴሌግራም የሚላክላችሁ ቪዲዮ የቀለምና የበር ብቻ ከሆነ ፌሮውን ጠይቁ። አፓርታማ ልትገዙ ወረፋ የያዛችሁም ጠይቁ። ሻጩ "የለም" ካለ፣ እሱም መረጃ ነው። ሳይት ላይ ላላችሁ ጁኒየር መሐንዲሶች ደግሞ ይህ መከላከያችሁ ነው። ፎርማኑ "እኛ ሃያ ዓመት ሠርተናል" ሲላችሁ ክርክር አያስፈልግም፤ "ጋሼ፣ ፎቶ ይነሳል" በሉት። ለፎቶ የሚዘጋጅ ሥራ ይስተካከላል።

ሦስት ተቃውሞ ይመጣብኛል። የመጀመሪያው "ፎቶ ይጭበረበራል" ነው። ልክ ነው፣ ይጭበረበራል። ለማጭበርበር ግን ፌሮውን አስተካክሎ አስሮ፣ ፎቶ አንስቶ፣ መልሶ ማበላሸት ይጠይቃል። ይህን ያህል ከተደከመ ትክክሉን መተው ራሱ ይረክሳል። ሁለተኛው "እኛ መሐንዲስ አይደለንም፣ አይተን ምን እናውቃለን?" የሚል ነው። ፎቶው መሐንዲስን አይተካም። መሐንዲሱ ከሁለት ዓመት በኋላም ሊያየው የሚችል ነገር ይተውለታል፤ ዋጋው እሱ ነው።

ሦስተኛው "ስንት ሺህ በረንዳ ቆሟል፣ ምን ሆነ?" የሚለው ነው። በዲዛይን ውስጥ የመጠባበቂያ አቅም አለ፤ የረገጥነው ፌሮና የጨመርነው ግድግዳ የሚበሉት ያንን መጠባበቂያ ነው። ካንቲሊቨር ደግሞ አጋዥ የለውም። የሳሎን ወለል ቢደክም ጎረቤቱ ይሸከምለታል፤ በረንዳ ከሥሩ ቢለቅ የሚቀበለው የለም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ስንቶቻችን ነን ሌሊት ከፎቅ ወርደን ቀና ብለን ሕንፃውን ያየነው? ያኔ የጠየቅነውን ጥያቄ ሙሌት ቀን ብንጠይቀው ይረክስ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች።

የምትኖሩበት ቤት ካለቀ ቆይቶ ከሆነም ዓይናችሁን ጣሉበት። በረንዳው ላይ፣ ከላይኛው ፊት፣ ግድግዳው አጠገብ ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ አለ? ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ፍሳሽ በሌለበት ጫፍ ይጠራቀማል? ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውኃ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ፌሮው ደግሞ ከላይ ነው ያለው። እነዚህ ከታዩ ሴራሚክ አልብሶ መሸፈን መፍትሔ አይደለም። መሐንዲስ ይጠራ፤ እስከዚያው ድረስ ውኃ ጋኑም፣ ከሰል ጆንያውም፣ ድግስ ቀን የሚቆመው ሰውም ወደ ውስጥ ይግባ።

የከተማው ግንባታ ፈቃድ ቢሮዎችስ? ከአንድ ሜትር በላይ ለሚወጣ ወለል ከሙሌት በፊት የተነሳ ፎቶ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ ማስገደድ ይችላሉ። አዲስ ሠራተኛ አይጠይቅም፣ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

ለጂፕሰም ኮርኒስ ሳያቅማማ የሚከፍል ሰው ለላይኛው ፌሮ መከራከር የለበትም። ኮርኒሱን እንግዳ ያየዋል። ፌሮውን ግን ማንም አያየውም፤ ልጃችሁን የሚይዘው እሱ ነው።